የሕክምና ተማሪዎች ዝለትና የእኛ ድርሻ



በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በሸቤ፣ አንድ ልጅ ሕክምና ደረሰው ሲባል ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ጎረቤትም «እንኳን ደስ አላችሁ» ለማለት ይመጣል። ደስታው ተገቢ ነው። ልጁ ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ ግን እንዴት እንደሚተኛ፣ እንዴት እንደሚበላና ልቡ እንዴት እንደሰነበተ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ከመካከላችን የሕክምና ተማሪዎች አሉ፤ ሌሎቻችንም በሕክምና ትምህርት ላይ ያለ ወንድም፣ እኅት ወይም ጓደኛ አለን። ስለዚህ ስለ ዝለት ምንነት፣ ስለ ምክንያቱና ስለ እኛ ድርሻ በአጭሩ እንማማር።

1ኛ. ዝለት ምንድን ነው?

ድካምና ዝለት አንድ አይደሉም። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም የዋለ ሰው ይደክመዋል፤ በልቶና ተኝቶ ሲነሣ ግን ጉልበቱ ይመለስለታል። ዝለት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ የማይመልሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስቀመጠው፣ ዝለት ከሥራ ጋር የተያያዘና ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ካላገኘ ጫና የሚመጣ ሁኔታ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ሦስት ምልክቶች አሉት፦

ሀ) ጉልበት ማለቅ፦ ገና ሲነጋ የዛለ መሆን።

ለ) ልብ መራቅ፦ የሚወዱትን ሥራ መጥላት፤ በሽተኛውን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ አልጋ ቁጥር ማየት።

ሐ) «አልረባም» ማለት፦ ምንም ቢሠሩ ዋጋ ያለው መስሎ አለመታየት።

ድርጅቱ ቃሉን የሚጠቀምበት ለሥራ ቢሆንም ተመራማሪዎች ለተማሪዎችም ያውሉታል። የሕክምና ተማሪ ከመጽሐፍ ወጥቶ በሽተኛ ፊት የሚቆምበት ጊዜ ስለሚመጣ አነጋገሩ ይስማማዋል።

ዝለት በሽታ ባይሆንም ከድባቴ ሕመም ጋር ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ታትሞ ነበር። በዚያ መሠረት ከመቶ የሕክምና ተማሪዎች 27 ያህሉ ድባቴ ወይም የድባቴ ምልክቶች ነበሩባቸው። ከእነዚህም ውስጥ ሕክምና የፈለጉት ከመቶ 16 ያህል ብቻ ነበሩ። ሰውን ለማከም የሚማሩት ራሳቸው ሳይታከሙ ይቀራሉ ማለት ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት በእነርሱም ላይ ይሠራል።

2ኛ. ሸክሙ ከየት ይመጣል?

ጅማ የሕክምና ትምህርት የቆየባት ከተማ ናት። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቋመ፤ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሆስፒታሉ ለደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል ዋነኛው የሪፈራል ሆስፒታል በመሆኑ፣ ከሩቅ ወረዳዎች የከበደ ሕመም ያለበት ሁሉ ወደዚያ ይላካል።

የትም ይማር የት፣ የሕክምና ተማሪ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆኖ የመጣ ልጅ ነው። እዚህ ሲደርስ ግን በዙሪያው ያሉት ሁሉ አንደኞች ናቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መካከለኛ ውጤት ያያል፤ ለቤተሰቡ ለመንገርም ያፍራል። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ክፍሎች ሲገባ ሰው ሲሞት ያያል፤ ከአፍታ በኋላም ወደሚቀጥለው አልጋ እንዲያልፍ ይጠበቅበታል። በመጨረሻ ኢንተርን ሲሆን ቀን የሠራው ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያድራል፤ ሲነጋም ሥራው ይቀጥላል። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በብዙ ከተሞች ኢንተርኖችና ሐኪሞች ካነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የሥራ ሰዓት ርዝመት ነበር።

ይህ የተማሪው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በቦስተን በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ጥናት ታትሟል። ከ24 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ የሚሠሩ ኢንተርኖች፣ ሰዓታቸው ከተቀነሰላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስሕተት ይሠሩ ነበር። እንግዲህ የዛለ ሐኪም ፊት የሚተኛው የእኔና የአንተ እናት ናት።

3ኛ. ስለ ጫትና ስለ ቡና

በአካባቢያችን ሁለቱም እንደ ልብ ይገኛሉ፤ ለጥናት ብሎ የሚጠቀምባቸውም ብዙ ነው። ጫት ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው። ለጥቂት ሰዓት እንቅልፍና ረሃብ ያስረሳል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ግን ስሜት ይወርዳል፣ እንቅልፍም እንቢ ይላል። በማግሥቱ የደከመው ተማሪ እንደገና ጫት ይፈልጋል። ይህ ጉልበት መጨመር ሳይሆን ከነገ ተበድሮ ዛሬን መክፈል ነው።

ቡናም በልኩ መልካም ሆኖ ሳለ ሰዓት አለው። በብዙ ሰው ደም ውስጥ የገባው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተጠጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግማሹ ገና አለ። «ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው እንኳ እንቅልፉ ጥልቀት ሊያጣ ይችላል።

4ኛ. የጥላው ዛፍ

የአጋሮና የሊሙ ገበሬ ቡናውን በሰሳ፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የሚያሳድገው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ የቆመ ቡና በአንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ከዚያ ግን ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፣ የሚቀጥለው ዓመት ምርትም ይቀንሳል። ገበሬው ይህን ሲያይ ቡናውን «ሰነፍ» ብሎ አይሳደብም፤ ጥላ ይተክልለታል።

በተማሪው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። «ሰነፈ»፣ «ከበደው»፣ አልፎ ተርፎም «ጸሎት አንሶት ነው» እንላለን። ነቢዩ ኤልያስ ከታላቅ ሥራ በኋላ ዝሎ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ የተደረገለትን እናስታውስ (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19)። መልአኩ አልገሠጸውም። ቀሰቀሰው፣ አበላው፣ እንደገና እስኪተኛ ተወው፣ ደግሞም አበላው። ሌላው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መዛል የእምነት ጉድለት ማስረጃ አይደለም።

5ኛ. ምን እናድርግ?

ለተማሪዎቹ፦ እንቅልፍን ከፈተና በኋላ የሚከፈል ዕዳ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ያጠናችሁትን አእምሮ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከመጽሐፍ ራቁ። በሽተኛ ሲሞትባችሁ ለአንድ ጓደኛ ተናገሩ። ዝለቱ ሳምንታት ከቆየ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ፤ በጅማ ይህ አገልግሎት አለ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 የሐኪሞችን ቃል ኪዳን ሲያሻሽል፣ ለበሽተኛ በሚገባ ለመድረስ የራስን ጤና መጠበቅን ጨምሮበታል። ስለዚህ ራሳችሁን መጠበቃችሁ ከሙያው ግዴታ አንዱ ነው።

ለቀረነው፦ ስንገናኝ «ውጤት እንዴት ነው?» ከማለታችን በፊት «ተኝተሃል? በልተሻል?» እንበል። ተረኛ ሆኖ ላደረ ምሳ እናድርስ። በጉባኤያችን አገልግሎት በዝቶበት ከሆነ ለጊዜው እንቀንስለት፤ ሲቀርም አንቀየመው። «መኖር ሰለቸኝ» ያለን ሰው ግን ለብቻው አንተወው፤ በዚያው ቀን አብረነው ወደ ሐኪም እንሂድ። ምሥጢሩንም እንጠብቅለት።

የሥራ ሰዓትን ማስተካከል የትምህርት ቤቶችና የሆስፒታሎች ኃላፊነት ነው፤ ምሳ በማድረስ ብቻ አይተካም። ይሁን እንጂ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና በእጃችን ያለውን ዛሬ እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ድካምን ከዝለት በምን እንለያለን?

2. ተማሪዎች ሕመማቸውን የሚደብቁት ለምንድን ነው? እኛስ ለዚህ ምን አስተዋጽኦ አድርገናል?

3. በዚህ ሳምንት ጥላ ልንሆንለት የሚገባን ማን ነው? በምን?