ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ሙዚቃውን የሚያዋሕደው ማን ይሁን?

ሀ. ምንባብ

የሚከተለው ጽሑፍ የአመዛዛኝ ድርሰት ምሳሌ ነው። ጸሐፊው በሁለቱ ወገን የሚቀርቡትን ምክንያቶች እንዴት እንደሚያነጻጽር እያስተዋላችሁ በጥሞና አንብቡ።

አንድ ዘፈን ከአድማጭ ጆሮ ከመድረሱ በፊት በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል። ገጣሚው ግጥሙን ይጽፋል፤ ዜማ ደራሲው ዜማውን ያወጣለታል፤ አቀናባሪው ለየመሣሪያው ድርሻውን ይመድባል፤ ድምፃዊው ያዜመዋል። እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ከተቀዳ በኋላ ግን አንድ ሥራ ይቀራል። ይህም የከበሮውን፣ የቤዝ ጊታሩን፣ የክራሩን፣ የማሲንቆውንና የድምፃዊውን ድምፅ አመጣጥኖ፣ የሚጋጩትን አስታርቆ፣ ለእያንዳንዱ ተገቢ ቦታውን ሰጥቶ አንድ ማድረግ ነው። በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ሚክሲንግ የሚባለው ይህ የማዋሐድ ሥራ ነው። በዛሬው ጊዜ አንድ ወጣት አቀናባሪ በመኝታ ክፍሉ ባለው ኮምፒዩተር ሥራውን ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል። ታዲያ ባለሙያ የድምፅ መሐንዲስ መቅጠር ይገባዋልን?

«አይገባውም» የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሙዚቃውን በመጀመሪያ በልቡ የሰማው አቀናባሪው ነውና ሐሳቡን ከእርሱ አብልጦ የሚያውቅ የለም ይላሉ። የገንዘቡም ነገር አለ። ለመሐንዲሱ የሚከፈለው ገንዘብ ማሲንቆ ተጫዋች ቢቀጠርበት፣ በኮምፒዩተር ከተሠራው አምሳያ ይልቅ የእውነተኛው ማሲንቆ ድምፅ ዘፈኑን ያሳምረው ነበር። እነዚህ ወገኖች የቀድሞዎቹን ሸክላዎችም በምስክርነት ይጠራሉ። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምኃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ዘፈኖች የዛሬው ዓይነት መሣሪያ ሳይኖር የተቀዱ ናቸው። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ በአገር ውስጥም በውጭም በፍቅር ይደመጣሉ።

«ይገባዋል» የሚሉት ግን ክርክራቸውን ከክፍሉ ይጀምራሉ። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ መስማት ይችላል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚነዝር ወፍራም የከበሮ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት ከ5 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ይህ ሞገድ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ እየተመለሰ ከራሱ ጋር ስለሚገናኝ በአንዱ ስፍራ ይበረታል፤ በሌላው ይከስማል። በሚበረታበት ስፍራ የተቀመጠ አቀናባሪ ቤዙ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል፤ ዘፈኑም በታክሲ ውስጥ ሲከፈት ኀይል ያጣ ሆኖ ይገኛል። በሚከስምበት ስፍራ የተቀመጠው ደግሞ ቤዙን ያለ መጠን ይጨምርና ሌላውን ድምፅ ሁሉ ያስውጠዋል። ባለሙያው ግን የድምፅ ነጸብራቅ እንዲቀንስ ተደርጎ በተዘጋጀ ክፍል ይሠራል፤ ጆሮውንም በብዙ ዓመት ልምምድ አሠልጥኗል።

ሁለተኛው ምክንያታቸው መላመድ ነው። አንድን ዘፈን መቶ ጊዜ የሰማ ሰው ግጥሙን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ያልተሰማው ቃል ሁሉ የተሰማ ይመስለዋል። ይህ ጉዳይ በተለይ ለአማርኛ ዘፈን ከባድ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር የአንድን ነገር ጊዜ አለመድረስ ያመለክታል፤ ጠብቆ ሲነገር ግን የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ቅኔያዊው ንግግራችን አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ጥብቀትና ልላት ላይ ይመሠረታል። ከበሮው ቃሉን ከሸፈነው ወይም የገደል ማሚቶ የሚመስለው ማስተጋባት በዝቶ አንዱን ድምፅ ከሌላው ካደባለቀው፣ ሰሙ ቢደርስ እንኳ ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል። በዚህም የገጣሚው ድካም ከንቱ ይሆናል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካዊቷ ድምፃዊት የቢሊ አይሊሽ የመጀመሪያ አልበም በአብዛኛው የተቀዳው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በወንድሟ በፊኒየስ መኝታ ክፍል ነው። የማዋሐዱ ሥራ ግን ሮብ ኪኔልስኪ ለተባለ ባለሙያ ተሰጠ። አልበሙም በ2020 ካገኛቸው የግራሚ ሽልማቶች አንዱ የድምፅ ምሕንድስና ሽልማት ነበር። በሌላ በኩል ባለሙያም ቢሆን ብቻውን ምሉዕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ትሪለር» በተባለው የማይክል ጃክሰን አልበም ላይ የሠራው መሐንዲስ ብሩስ ስዊዲን «ቢሊ ጂን» የተባለውን ዘፈን 91 ጊዜ እንዳዋሐደው ተርኳል። በመጨረሻ ወደ ሁለተኛው እንዲመለሱ የጠየቀው ፕሮዲዩሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ ነበር፤ ለሕዝብም የቀረበው ይኸው ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ የክርክሩ ቁልፍ የመሣሪያ ወይም የማዕረግ ጉዳይ አይደለም፤ የሌላ ጆሮ ጉዳይ ነው። በቀድሞው ዘመን ባንዱና ድምፃዊው ብዙውን ጊዜ በአንድነት ይቀዱ ስለ ነበር፣ ሚዛኑን የሚጠብቁት በአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ብዙ ጆሮዎች ነበሩ። የዛሬው አቀናባሪ ግን ብቻውን ተቀምጧል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ ብቻውን የሚፈርድ ሰው የወደደውን መሣሪያ ሳይታወቀው ያጎላል። ስለዚህ ለልምምድ የሚሠራውን ራሱ ቢያዋሕደው ይማርበታል፤ ለሕዝብ የሚያቀርበውን ግን ለባለሙያ ቢሰጥ ይበጀዋል። መሐንዲሱም አማርኛ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም ቃሉ ጎልቶ ሊሰማ የሚገባው የት የት እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ፍርድ ሁለቱ አብረው አዳምጠው ይስጡ። ገንዘብ ያጠረው አቀናባሪ ደግሞ ሥራውን ለጥቂት ቀናት ትቶ እንደገና ያድምጠው፤ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ አሰምቶ የያዘውን ቃል እንዲጽፍለት ያድርግ። በወረቀቱ ላይ የጎደለው ቃል በዘፈኑ ውስጥ የተሸፈነው ቃል ሊሆን ይችላልና። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።

ለ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ጻፉ።
1. አመጣጥኖ
2. ይከስማል
3. ነጸብራቅ
4. ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው የቀድሞዎቹን ሸክላዎች በሁለት ቦታ ያነሣቸዋል። በየቦታው ያነሣበትን ምክንያት አነጻጽራችሁ አስረዱ።
2. ጠባብ ክፍል የአቀናባሪውን ፍርድ የሚያዛባው እንዴት ነው?
3. የ«ቢሊ ጂን» ታሪክ የትኛውን ወገን ይደግፋል? ምክንያታችሁን ግለጹ።
4. «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለዚህ ክርክር የሚስማማው ለምንድን ነው?

መ. ሰዋስው

«ዋና»፣ «ሰፊ» እና «አለ» የሚሉትን ቃላት አንድ ጊዜ አላልታችሁ፣ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ በማንበብ ለእያንዳንዱ ፍች አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሠ. ድርሰት

«አንድ ደራሲ መጽሐፉን ራሱ ቢያርም ይሻላል ወይስ ለሌላ አራሚ ቢሰጥ?» በሚል ርእስ የሁለቱንም ወገን ምክንያት የሚያመዛዝን የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። የራሳችሁን ፍርድ በመጨረሻው አንቀጽ ስጡ።