ከሊሙ እስከ እምኩሉ፦ የስደት ጸሐፍት የፈጠራ ቆይታ ምን ይሻል?

በአደጋ ላይ ላሉ ጸሐፍትና የኪነ ጥበብ ሰዎች በሌላ ከተማ ለተወሰነ ጊዜ መኖሪያና መተዳደሪያ የሚሰጠው አሠራር፣ በተለምዶ ሬዚደንሲ የሚባለው የፈጠራ ቆይታ፣ የቅርብ ዘመን የአውሮፓ ውጤት ተደርጎ ይታሰባል። ታሪኩም በ1993 ዓለም አቀፉ የጸሐፍት ፓርላማ ከመመሥረቱ ይጀመራል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳልማን ሩሽዲና ወሌ ሾይንካ በተከታታይ የመሩት ይህ ማኅበር ለስደተኛ ጸሐፍት የመጠለያ ከተሞችን አስተባበረ። እርሱ ከፈረሰ በኋላ ሥራውን በ2006 በኖርዌይዋ ስታቫንገር የተቋቋመውና አይኮርን በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የከተሞች መረብ ቀጠለው። የመረቡ አሠራር በአመዛኙ አንድን ጸሐፊ በአንድ ከተማ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት፣ ማስተናገድ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከጅማና ከአካባቢዋ የቡና አገር ተነሥቶ ይመለከታል። የሚከራከረውም ለአንድ ነጥብ ነው፤ ስደተኛ ጸሐፊ ከቤትና ከወር ገቢ ባልተናነሰ ቋንቋውን የሚጋራው የሥራ ባልደረባ ያስፈልገዋል፣ አንድ ሰው ለአንድ ከተማ የሚለው አሠራርም ይህን ሊነፍገው ይችላል።

ዛሬ ሊሙ የሚለው ስም በገበያ ላይ የሚታወቀው በታጠበ ቡናው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሊሙ እናርያ ከግቤ መንግሥታት አንዱ ነበር። አስቴር ጋኖ ነፃ ሆና ተወልዳ በዚሁ መንግሥት ንጉሥ ለባርነት ተዳረገች። በ1886 ወደ ዓረብ ምድር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙት፤ እርሷም ነፃ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ ወደምትገኘው እምኩሉ፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ወደከፈተው ትምህርት ቤት ተወሰደች።

እዚያ የጠበቃት ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። እርሱም ከኢሉባቦር ሑሩሙ አካባቢ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጠ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጣ፣ ኋላም በስዊድን የተማረ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ሥራ ሲይዝ ከባድ እንቅፋት ገጠመው። ከወገኖቹ የተለየው ገና በሕፃንነቱ ስለነበር ቋንቋው ለእንዲህ ያለ ሥራ አልበቃውም። ይህን ጉድለት ስዊድን የተማረው ትምህርት ሊሞላው አልቻለም። የሞላችው ከአገሯ በቅርቡ የመጣችው አስቴር ናት። ለመዝገበ ቃላቱ ቃላትን አቀረበች፤ በትርጉሙም ተሳተፈች፤ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት በታተመው የጀማሪዎች የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በግእዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊዘርላንድ ሳንክት ክሪሾና ለኅትመት በቃ።

በእኔ ግምት እዚህ ላይ ብዙ መማሪያ አለ። እምኩሉ መጠለያ ብቻ ብትሆን ኖሮ ሁለቱም በሕይወት ይተርፉ ነበር፤ መጻሕፍቱ ግን አይኖሩም። ለፍሬው መገኘት ምክንያት የሆኑት ከተለያየ አውራጃና በተለያየ ጊዜ የተሰደዱ የአንድ ቋንቋ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው፣ ማተሚያው በቅርብ መገኘቱና ጊዜው ርዝመት የነበረው መሆኑ ናቸው። በሁለት ዓመት የሚያበቃ ውል ይህን ሥራ ግማሽ ላይ ባቆመው ነበር። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ሲመለሱ የሚያስተምሩበትን መጽሐፍ ይዘው ነበር።

ይህ ንጽጽር ግን ገደብ አለው። አስቴርን ያሰደዳት ብዕሯ አልነበረም፤ ባርነት ነው። አስተናጋጁም ገለልተኛ አልነበረም፤ ሚሲዮኑ የፈለገው ወንጌልን ማስፋፋት ስለነበር ምን እንደሚጻፍ በብዙው የወሰነው እርሱ ነው። ተረቱና እንቆቅልሹ ቦታ ማግኘታቸው ራሱ የሚያስገርም ነው። የዛሬ ገንዘብ ሰጪዎችም ከስደተኛው የሚጠብቁት የስደት ታሪኩን ብቻ ሲሆን ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል።

ጅማ ራሷ ደግሞ አስተናጋጅ ሆና ታውቃለች። በ1878 ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ሲያስገድዱ፣ ብዙ ዑለማ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ሊቃውንትን ወደ ግዛታቸው ስበው አስጠለሉ፤ ጅማም የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆነች። መምህሩ ደቀ መዝሙር፣ አንባቢና ገልባጭ ስላገኘ ሥራው ቀጠለ። በዓረብኛና በዓረብ ፊደል በኦሮምኛ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች ዛሬም በአካባቢው በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። ሆኖም ከጅሬን ቤተ መንግሥት ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ ሰው የሚሸጥበትም ገበያ ነበር። ሊቁን ያስጠለለች አገር እንደ አስቴር ያሉትን ወደ ባሕር ዳርቻ ትልክ እንደነበር ሳይነገር የጅማን እንግዳ ተቀባይነት ማውሳት አይገባም።

ይህ ታሪክ ለዛሬ የሚሰጠው ፋይዳ አለ። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ብዙዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዋል፤ በዓረብኛ ለሚጽፍ ስደተኛ ከአገራችን ከተሞች የሥራ ባልደረባ ሊያገኝባቸው ከሚችሉት አንዷ ጅማ ናት። ዓረብኛ የሚያነቡ ሸይኾች፣ ያልተመዘገቡ የእጅ ጽሑፎችና ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ አሉ። የሱዳን ጸሐፊ በእጅ ጽሑፎቹ ምዝገባ ላይ ቢያግዝ፣ ሸይኾቹም አዲሱን ጽሑፉን ቢያነቡለት፣ የጋራ ሥራ ይኖራቸዋል። የ2019 የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 እውቅና ላገኙ ስደተኞች የመሥራትና የመዘዋወር መብትን ይደነግጋል፤ በተግባር ግን ከካምፕ ውጪ መኖር ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር ስምምነትን ይጠይቃል። ስለዚህ ሐሳቡን ለመሞከር የሚሻ የትምህርት ክፍል ከመኝታ ክፍሉ በፊት ሁለት ነገሮችን ሊያዘጋጅ ይገባዋል፤ እነርሱም ከአገልግሎቱ ጋር የሚፈረም ሰነድና አብረው ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆኑ አንባቢዎች ናቸው። የቆይታው ጊዜም የተጀመረው ሥራ በሚጠይቀው ልክ እንጂ በበጀት ዓመት ባይወሰን ይመረጣል።