ዕቃን በቀጥታ የቪዲዮ ሥርጭት ለገዢ ስለ ማሳየት

ዕቃውን በኢንተርኔት በቀጥታ እያሳየ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ፥ እንግዳ ጠርቶ ቤቱን ሳያሰናዳ እንደሚገኝ ሰው እንዳይሆን፥ አስቀድሞ መዘጋጀት ይገባዋል።

አንደኛ፤ ዩቲዩብ የቀጥታ ሥርጭት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ፈቃዱን እስከ 24 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል፤ በእጅ ስልክ ለማሠራጨትም ቢያንስ 50 ተመዝጋቢ ተከታታዮች እንዲኖሩ ይጠይቃል። ስለዚህ ጉዳዩ በዕለቱ የሚጀመር አይደለም።

ሁለተኛ፤ ለሥርጭት የሚመረመረው የመስመሩ የመላክ ፍጥነት ነው እንጂ የመቀበሉ አይደለም። 720 ፒክስል ጥራት ላለው ምስል በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ያህል ያስፈልጋል፤ መስመሩ የዚህን እጥፍ ቢችል ይመረጣል። መብራት ቢጠፋ የሚተካ ባትሪና የስልክ ዳታም በተጠባባቂነት ይቀመጥ።

ሦስተኛ፤ ሰዓቱ በጥንቃቄ ይገለጽ። ማታ 3 ሰዓት ለማለት ለውጭ አገር ገዢ «3» ብሎ መጻፍ በ6 ሰዓት ያሳስተዋል። ከዚህም ሌላ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ባንዱ ወቅት በ7፥ በሌላው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ሰዓቱን ያሳሳተ ነጋዴ ባዶ አዳራሽ ያነጋግራል።

አራተኛ፤ በሥርጭቱ ጊዜ ብርሃኑ ከፊት ይሁን፤ ማይክሮፎኑ ለተናጋሪው ይቅረብ፤ የተመልካቾችን ጥያቄ የሚያነብ ረዳትም ይመደብ። ዘግይተው ለሚገቡ ሰዎች የዕቃው ዓይነትና ዋጋው በየጊዜው ይደገም።

በመጨረሻም፥ የተቀረጸው ሥርጭት ምስክር ሆኖ ይቀራልና የዕቃው እንከን ሳይሸሸግ ይነገር፤ በሥርጭቱ የተጠራው ዋጋም በሱቁ ይጽና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና።