የተወረሰን የእንግሊዝ ሸክላ ኩባያ ዘመንና ዋጋ የመለየት አሠራር

አሮጌ የእንግሊዝ ሸክላ ኩባያ በውርስ እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ከመቀመጫው ሥር ያለውን ማኅተም ነው፤ ይሁን እንጂ ማኅተም በቀላሉ የሚቀዳ በመሆኑ፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ እጅግ ብዙ ኩባያዎችም ያለ ምንም ማኅተም ከምድጃ የወጡ በመሆናቸው፣ ምርመራው ከጭቃው ተነሥቶ በመጨረሻ ወደ ማኅተሙ ቢደርስ የተሻለ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በተለይ በስታፎርድሺር፣ በሰንደርላንድና በለንደን የተሠሩ ኩባያዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ኩባያው በተገኘበት ይዞታ መቆየት ይኖርበታል። ወራሾች በቅን ልቦና ከሚያደርሱት ጉዳት የከፋው በጽዳት የሚመጣው ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የወርቅ ቅቡን ይገፍፋል፣ በረኪና ደግሞ በልባሱ ስንጥቅጥቅ ሰርጎ ከደረቀ በኋላ ልባሱን እያላቀቀ ያረግፈዋል። ለብ ባለ ውኃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የወለቀ ጆሮ ቢኖር በሱፐር ግሉ ሊለጠፍ አይገባም፤ በቀድሞ ዘመን ስብራትን ለመያዝ የተመቱ የብረት ማያያዣዎች ቢገኙም መነቀል የለባቸውም። ከዚያም ኩባያው ከየጎኑ፣ ከላይና ከሥር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቁመቱ፣ የአፉ ስፋትና የሚይዘው መጠን ይመዘገባል፤ ስንጥቅ ያለበት ከሆነም በውኃ ምትክ በደረቅ ሩዝ ይለካል። ቤተሰቡ ስለ ዕቃው የሚናገረው ታሪክ ማን ከማን እንደ ሰማው ተጠቅሶ በሌላ ወረቀት ይጻፋል፤ የቃል ታሪክ ክቡር ቢሆንም ማስረጃ የሚሆነው ዕቃው ራሱ ከሚያሳየው ጋር ሲገጥም ነውና።

ቀጣዩ ተግባር ኩባያው ከምን እንደ ተሠራ መለየት ነው። ግሌዝ፣ ማለትም በምድጃ ቀልጦ ወደ መስተዋትነት የተለወጠው ልባስ፣ ያልደረሰበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የመቀመጫው ጠርዝ በመሆኑ ጭቃው ተራቁቶ የሚታየው በዚያ ነው። ያ ቦታ ውኃ ሲነካው የሚመጥ ከሆነ ኩባያው በዝቅተኛ ሙቀት የተጠበሰ ተራ ሸክላ ነው። የማይመጥ፣ ጠጣርና ከባድ ከሆነ ስቶንዌር የሚባለው በከፍተኛ ሙቀት የጠነከረ ሸክላ ነው። ጣት ከውስጥ ተደርጎ ወደ ብርሃን ሲያዝ ጥላው የሚታይ ከሆነ ደግሞ ፖርሴሌን ወይም የከብት አጥንት አመድ የተቀላቀለበት ቦን ቻይና ነው። ከስቶንዌር መካከል በጨው የተለበሰው ለብቻው ሊጤን የሚገባው ነው፤ ምድጃው እጅግ በጋለበት ሰዓት ጨው ሲጣልበት ከጨው የሚወጣው የሶዲየም እንፋሎት ከጭቃው ሲሊካ ጋር ተዋሕዶ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ደቃቅ ጉድጓድ ያለበት ገጽ ይፈጥራል። የአደንና የመጠጥ ቤት ትዕይንት ጎልቶ የተለጠፈባቸው ቡናማ የለንደን ኩባያዎች፣ በላምቤዝ የነበረው የዶልተን ፋብሪካ ሥራዎችም ጭምር፣ በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው።

ሥዕሉ የሚመረመረው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የተስፋፋው ዘዴ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸን ሥዕል በስስ ወረቀት አትሞ፣ ወረቀቱን በሸክላው ላይ ለጥፎ ቀለሙን ማስተላለፍ ነበር። ወረቀቱ ኩባያውን ዞሮ ሲገጥም ሁለቱ ጫፎች በትክክል ስለማይገናኙ፣ ጆሮው ከተተከለበት አጠገብ አንድ ቅጠል ለሁለት ተቆርጦ ወይም ጌጡ ተደራርቦ መገኘቱ የሠራተኛው እጅ የተወው ምልክት እንጂ እንከን አይደለም። በአንጻሩ ሥዕሉ በመነጽር ሲታይ እኩል በተደረደሩ ባለ ብዙ ቀለም ነጠብጣቦች የተሞላ ከሆነ በኋለኛው ዘመን የማተሚያ ዘዴ የተሠራ ነው። ከሥዕሉ ቀጥሎ የመቀመጫው አረጃጀት ይታያል፤ ለብዙ ዓመታት ከጠረጴዛ የተፋተገ ኩባያ አቅጣጫቸውና ጥልቀታቸው የተለያየ ጭረቶች ይኖሩታል፣ ሆን ተብሎ ያረጀ ግን ጭረቱ አንድ ወጥ፣ እድፉም ሁሉን እኩል ያዳረሰ ነው። ይህ ጥንቃቄ በተለይ በ1796 የተከፈተው የሰንደርላንድ የብረት ድልድይ ለተሣለባቸውና በውስጣቸው የሸክላ እንቁራሪት ለተቀመጠባቸው ኩባያዎች አስፈላጊ ነው፤ እነዚህ እጅግ ተወዳጅ በመሆናቸው በብዛት ተመሳስለው ተሠርተዋልና።

ማኅተሙ የሚነበበው ከዚህ በኋላ ነው። የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ንድፉ በመንግሥት መዝገብ መመዝገቡን ያሳያል፤ በአናቱ ባለው ክብ ውስጥ ያለው የሮማውያን አራት ቁጥር የሸክላ ሥራን ምድብ ያመለክታል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለው የላይኛው ማዕዘን ፊደል ካለ ምዝገባው ከ1842 እስከ 1867፣ ቁጥር ካለ ደግሞ ከ1868 እስከ 1883 ባለው ጊዜ ተከናውኗል። ከ1884 ጀምሮ ተራ የምዝገባ ቁጥር ተተካ፤ በ1900 መግቢያ ላይም ቁጥሩ 351202 ደርሶ ነበር። ምዝገባው የንድፉን ቀን እንጂ ኩባያው የተሠራበትን ቀን ስለማይናገር፣ ከዚያ ቀደም ብሎ አለመሠራቱን ብቻ ያረጋግጣል። «ኢንግላንድ» የሚለው ቃል ማኪንሊ በተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ምክንያት ከ1891 ወዲህ የተለመደ ሲሆን፣ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» የሚለው በአብዛኛው የ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ከ1928 ጀምሮ በሮያል ዶልተን የአንበሳና የዘውድ ማኅተም ጎን የምትገኘው ትንሽ ቁጥር በ1927 ላይ ስትደመር የሥራውን ዓመት ትሰጣለች፤ ለምሳሌ 13 ማለት 1940 ነው። ተመሳሳይ ስሞችም ሊያሳስቱ አይገባም፤ «ዌጅዉድ እና ኩባንያው» የሚለው የተንስቶል ፋብሪካ ጆሳያ ዌጅዉድ በ1759 ካቋቋመው የተለየ ነው። የመጠጥ ቤት ኩባያ ከሆነ ደግሞ «ኢምፔሪያል» የሚል የልክ ጽሑፍ በ1826 በሥራ ላይ ከዋለው መለኪያ በኋላ መሠራቱን ይመሰክራል፤ የዚህ መለኪያ አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር በመሆኑም ቀደም ሲል የተመዘገበው መጠን እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ዋጋ ከመገመቱ በፊት ጉዳቱ በሐቀኝነት ይመዝገብ። በጣት ጥፍር ቀስ ተብሎ ሲመታ ጤነኛ ኩባያ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ይደፈናል፤ የተሸሸገ ጥገና ደግሞ በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ከቀሪው አካል በተለየ ቀለም ያበራል።

ዋጋን በሚመለከት ወራሾችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው ዕድሜና ዋጋ አብረው አለመሄዳቸው ነው። ዋጋን የሚወስነው ስንት ቀርቷል፣ ስንት ሰውስ ይፈልገዋል የሚለው ነው። የኤድዋርድ ስምንተኛ የዘውድ በዓል ኩባያ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ንጉሡ ዘውድ ሊጭኑ የታሰበው ግንቦት 12 ቀን 1937 ሆኖ ሳለ በታኅሣሥ 1936 ዙፋናቸውን በመልቀቃቸው፣ ያልተፈጸመ በዓል መታሰቢያ ብርቅ ሊሆን ይገባል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ቀደም ብለው በብዛት አምርተው ስለነበር ተራው ኩባያ ዛሬም በርካሽ ይገኛል። በ1902 የኤድዋርድ ሰባተኛ በዓል በንጉሡ ሕመም ምክንያት ከሰኔ 26 ወደ ነሐሴ 9 ሲዛወር፣ አብዛኞቹ ኩባያዎች የመጀመሪያውን ቀን እንደያዙ ቀሩ፤ ስለዚህ የሚፈለገው ሁለተኛው ቀን የተጻፈበት ነው። የቪክቶሪያ የ1838 የዘውድ በዓል ኩባያ ግን በእርግጥ ጥቂት ስለሆነ ጉዳት ቢኖርበትም ገዥ አያጣም።

መነጻጸሪያ የሚሆነው ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው፤ እሱም ዓይነቱ፣ መጠኑና ይዞታው ከሚመሳሰል ኩባያ ጋር፣ ቢቻል ከአንድ በላይ ሽያጭ ተወስዶ ይታያል። ከተገኘው ላይ የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ይቀነሳል። ለመድን የሚጻፈው ግምት ምትክ ለመግዛት የሚያስፈልገውን የሚያሰላ በመሆኑ ከመሸጫው ከፍ ይላል፣ ለውርስ ክፍፍል የሚጠየቀው ደግሞ በገበያው ላይ ሊያወጣ የሚችለው ነው፤ ስለዚህ ገማቹ የትኛውን እንደሚጽፍ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በስቶክ ኦን ትሬንት የሚገኘው የፖተሪስ ሙዚየም የስታፎርድሺር ሸክላ ስብስብ ዓይነትን ለማነጻጸር ይረዳል። የጽሑፍ ግምቱን የሚሰጠው ግን ኩባያውን ራሱ ሊገዛ የማያስብ ባለሙያ መሆን አለበት፤ ክፍያውም ከዋጋው በመቶኛ ሳይሆን በተወሰነ ገንዘብ ቢሆን ወራሹን ይጠቅማል።