የካሜራን ሌንስ በጉዞ ላይ እንዴት እንመርምር?



ባለፈው የመስክ ጉዟችን ከመቱ ወደ ጎሬ ስንሄድ ካሜራውን የመያዝ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኛ ቡድን ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ «ምን ይሆናል?» ብለን ቦርሳውን ከአውቶቡሱ ወለል ላይ አስቀመጥነው። መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። አውጥተን ብናይ መስተዋቱ አልተሰበረም። «ተመስገን» ብለን መልሰን ከተትነው።

በማግሥቱ የአንድ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን አሰልፈን አነሳን። ልጆቹ ለዚያች ቀን ልብሳቸውን አጥበው ነበር የመጡት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ሲታይ ፎቶው ደህና ይመስል ነበር። ተመልሰን በኮምፒዩተር ስንከፍተው ግን በቀኝ ጫፍ የቆሙት ልጆች ፊታቸው አይለይም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆቹ ተበትነዋል። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ስለዚህ የተማርነውን እናካፍላችሁ።

የካሜራ ሌንስ አንድ መስተዋት አይደለም። ብዙ ምስሪቶች በአንድ መስመር ተደርድረው የተሠራ ነው። ሲመታ አንዱ ዘመም ካለ፣ ሳይሰበርም የምስሉ አንድ ወገን ይደበዝዛል።

አንደኛ፣ ውጭውን እንይ። ከፊት ማጣሪያ ካለው፣ የተሰነጠቀው እሱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሳንደነግጥ ፈትተን እንመልከት። ቀለበቱ ከተጣመመ ግን በጉልበት አንታገለው። የማስተካከያውን ቀለበት ቀስ ብለን ስናዞር ከረር ከረር ካለ አሸዋ ገብቶበታል።

ሁለተኛ፣ ውስጡን እንይ። ንፋስ በሌለበት ቤት ሌንሱን ፈትተን የብርሃን መግቢያውን በሰፊው እንክፈት። ከኋላው የእጅ ባትሪ አግድም እያበራን ከፊት እንመልከት። ጥቂት ብናኝ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ከታየ ግን ሻጋታ ነው፤ ቶሎ ለባለሙያ ካልተሰጠ መስተዋቱን ይበላዋል።

ሦስተኛ፣ በፎቶ እንፈትን። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ዘርግተን እንለጥፍ። ካሜራውን ከጠረጴዛ ላይ ትይዩ አድርገን እናንሳና አራቱን ማዕዘኖች አጉልተን እናወዳድር። ሁሉም በእኩል ትንሽ ቢለሰልሱ የተለመደ ነው። አንድ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ካሜራውን ገልብጠን እንደገና እናንሳ። የደበዘዘው ያው የጋዜጣ ጫፍ ከሆነ ጥፋቱ የአቀማመጣችን ነው፤ ተቃራኒው ጫፍ ከሆነ ግን የሌንሱ ነው።

አራተኛ፣ የአገራችንን አየር እንወቅ። ጎሬ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ስንወርድ በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ጤዛ ይቋጥራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ካሜራውን ጎሬ ላይ በፌስታል አስሮ፣ እስኪሞቅ ድረስ አለመክፈት። ክረምት ላይ ደግሞ በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ መተው ሻጋታን መጋበዝ ነው።

ስናጸዳም አቧራውን በጎማ መንፊያ ካላስወገድን በቀር ጨርቅ አናስነካው። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግ አሸዋውን እየጎተቱ መጫር ነው።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሀብል የተባለው ቴሌስኮፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ከመጠቀ በኋላ ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋናው መስተዋቱ ጠርዙ ላይ ከሰው ፀጉር ውፍረት ሃምሳኛ ያህል ተዛንፎ መሞረዱ ነበር። በ1993 ጠፈርተኞች ወጥተው ማስተካከያ ገጠሙለት። ምድር ላይ ሳለ በሚገባ ቢመረመር ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባልመጣ ነበር። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለልምምድ ያህል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ካሜራ የሚረከበው ቡድን ከመነሣቱ በፊት ይህንኑ የግድግዳ ጋዜጣ አንሥቶ አራቱን ማዕዘኖች ያንብብ። እዚያም ሲደርስ ይድገመው። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኛ ያቺን አሥር ደቂቃ ስለቆጠብን በቀኝ ጫፍ የቆሙት ልጆች ያለ ፎቶ ቀሩ።