ሎሚና ቸኮሌት
(ለኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን የቀረበ)



ለተግባር ማስተማር ኢዲዶ በወጣንበት ሰሞን ስለ ሌሎች ሕዝቦች ልማድ ስናስተምር፣ ጃፓን ውስጥ ሴቶች ለወንዶች ቸኮሌት የሚሰጡበት ቀን እንዳለ ነገርናቸው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከኋላ አንዲት ልጅ ግን እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የተሰጠው ሰው ባይመልስስ?» አለች። ደወሉ ገላገለን። መልሱን አሁን ፈልገን አምጥተናል።

ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 14፣ በኛ የካቲት 7 ግድም ነው። የቫለንታይን ቀን ከምዕራብ አገር የመጣ ሲሆን፣ ጃፓን ውስጥ ያስፋፋው ግን ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ነጋዴ ነው። ሜሪ የተባለ የቸኮሌት ኩባንያ በ1958 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ሲሞክረው የሦስት ቀን ሽያጩ 170 የን ብቻ እንደነበር ይነገራል። ይህ እንግዲህ ኪሣራ ነው! ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አገሩን አዳረሰ።

ሰጪዋ ሴት መሆኗ ሳያንስ ቸኮሌቱም ሁለት ዓይነት ነው። ከልብ ለሚወዱት የሚሰጠው «ሆንሜይ» ሲባል፣ ለአለቃና ለሥራ ባልደረባ በይሉኝታ የሚሰጠው «ጊሪ» ይባላል። ጊሪ ማለት ግዴታ ነው። ከወር በኋላ ማርች 14 ደግሞ ወንዶቹ የሚመልሱበት «ነጭ ቀን» አለ፤ ይህንንም በ1980 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት ጣፋጭ አምራቾች ናቸው። እንዲያውም የተቀበለ ሰው ሦስት እጥፍ ይመልስ የሚል አባባል አላቸው። በዚህ የተማረሩ ብዙ ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ጎዲቫ የተባለው ቸኮሌት ሻጭ ራሱ የግዴታ ስጦታ ይቅር ብሎ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ።

አንድ ጃፓናዊ ደግሞ ጥር 11 ቀን እኛ ዘንድ መጥቶ ሎሚ ሲወረወር ቢያይ ጠብ መስሎት ይደነግጥ ይሆናል። በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረቷን በሎሚ ይመታል። ካነሣችው ፈቃዷ ነው፤ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሊያመራ ይችላል። ካላነሣችው ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል፤ ዕዳ የለባትም። እርግጥ ነው፣ መመታቱን ማንም አላስፈቀዳትም፤ ይህን ሳንናገር የኛን ብቻ አድንቀን ብናልፍ አድልዎ ይሆናል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። በየትምህርት ቤቱ እስክሪብቶና ደብተር ገዝቶ ይሰጥና፣ ወር ሳይሞላ «የኔን በልታ ዘጋችኝ» እያለ የሚያስወራ ልጅ አይታጣም። እሱ ሎሚ የወረወረ መስሎታል፤ የሰጣት ግን ጊሪ ነው። ልጅቷ በሐሜቱ አፍራ ከትምህርት ልትቀር ትችላለች። ለጥያቄው መልሳችን እንግዲህ፣ የተሰጠው ሰው ባይመልስ ምንም አልበደለም የሚል ነው፤ ይህንንም ለወንዶቹም ለሴቶቹም በአንድነት፣ በግልጽ መንገር ይገባል።

ለአቀራረቡ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ወገን ሎሚ፣ በሌላው ቸኮሌት መጻፍ ይበቃል፤ ማን ይሰጣል፣ ማን ያተርፋል፣ እምቢ ማለት ይቻላል ወይ እያሉ ተማሪዎቹን ማናገር ነው። ኢዲዶ ስንመለስም እንደዚሁ እናደርጋለን። የጠየቀችውን ልጅ ግን ለይተን አንጠራትም፤ ያን ቀን ክፍሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም ነበር።