ዕጣና ነጥብ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከጀሞ ሲታይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጀሞ ሰፈር በአብዛኛው በጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሞላ ነው። ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለትና ጀሞ ሦስት እየተባሉ የሚጠሩት ሕንፃዎች ለባለቤቶቻቸው የተላለፉት በዕጣ ነው። በዕጣው አሠራር ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ ተለይቶ ይያዛል፤ ከዚያ ውጭ ግን ቤት የደረሰው ተመዝጋቢ ካልደረሰው የተሻለ በመሆኑ አልተመረጠም። የእነዚሁ ቤቶች ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት መንገድ ግን ከዕጣ እጅግ የራቀ መስሎ ይታያል፤ በሩን የሚከፍተው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። ዕጣ የዕድል ጉዳይ መሆኑን ማንም አይክድም። ነጥብ ግን የልፋትና የችሎታ ዋጋ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ በነጥቡ ውስጥ ምን ያህል ዕጣ ተሸሽጎ እንዳለ፣ ይህንንም ለማወቅ አሁን ምን ዓይነት ጥናት ሊደረግ እንደሚችል ነው።

ከወረፋ ወደ ደፍ

እስከ 2013 ዓ.ም. ፈተና ድረስ የመግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ይወሰን የነበረው በዋናነት ዩኒቨርሲቲዎች ሊቀበሉት በሚችሉት የተማሪ ብዛት ላይ ተመሥርቶ ነው። ፈተናው ተማሪዎችን ከላይ ወደ ታች ይደረድራል፤ ቦታው ያለቀበት ላይ መሥመሩ ይሰመራል። ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች መሥመሩ ዝቅ ይል ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ግን 50 በመቶ ቋሚ መሥፈርት ሆነ። የአስተዳደር ለውጥ የሚመስለው ይህ እርምጃ በምዘና ሳይንስ ዓይን ሲታይ የፈተናውን ባሕርይ የለወጠ ነው። ቀድሞ ፈተናው «ማን ከማን ይቀድማል?» የሚለውን ይመልስ ነበር፤ አሁን «ማን ይበቃል?» የሚለውን እንዲመልስ ተጠየቀ። ለመጀመሪያው ጥያቄ የተዘጋጀ መሣሪያ ለሁለተኛው እንዲያገለግል ሌላ ሥራ ይጠይቃል፦ ግማሽ ነጥብ ያገኘ ተማሪ ምን ማድረግ እንደሚችል በባለሙያዎች ተመዝኖ መወሰን፣ የየዓመቱ ጥያቄዎች ክብደትም እርስ በርስ እንዲነጻጸር መስተካከል ይኖርበታል። አለዚያ 50 በመቶ የቁጥር ውበት እንጂ የብቃት ትርጉም አይኖረውም።

የታወጁት ውጤቶች የሚነበቡት ይህን በማስታወስ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ድርሻው 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከ3.2 ወደ 8.4 የተደረገው ጉዞ የትምህርት መሻሻል ነው? የፈተናው መቅለል ነው? ወይስ በእነዚሁ ዓመታት የተፈታኞች ቁጥር በመቀነሱ የተፈታኙ ስብጥር ተለውጦ ነው? ከመቶኛው ብቻ ተነሥቶ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አይቻልም።

ከ2014 ዓ.ም. በፊት ካሉት ውጤቶች ጋር ማነጻጸር ደግሞ ይበልጥ አዳጋች ነው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ብሔራዊ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ይታወሳል። ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ የተደረገው ኩረጃንና ስርቆትን ለመግታት ነበር። ስለዚህ የቀድሞው ነጥብና የአሁኑ ነጥብ ስማቸው አንድ ቢሆንም የሚለኩት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ቀጥሎ መሥመር የሚስብ ተመራቂ ተማሪ ቢያንስ በመካከል ክፍተት ሊተው ይገባል።

ዕጣው ስለ ነጥቡ የሚናገረው

የ2015 ዓ.ም. ውጤት ሲገለጽ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አለማሳለፋቸው ተነግሯል። ይህ አኃዝ ብቻውን ነጥቡ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱም መሆኑን ያሳያል፤ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሁሉ ሰነፎች ናቸው ማለት አይቻልምና። የቤተሰቡን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ግን ይከብዳል። ሀብት ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የተማረ፣ መጻሕፍት ያለው፣ የልጁን ትምህርት የሚከታተልም ነው። የትኛው ምን እንዳመጣ ለመለየት ገንዘቡ ሳይታሰብ ለአንዳንዱ ደርሶ ለሌላው የማይደርስበት አጋጣሚ ያስፈልጋል።

የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ይህን አጋጣሚ ፈጥሯል። ዳንኤል አግነስና ጥጋቡ ጌታሁን በአዲስ አበባ ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ቤተሰቦች አነጻጽረው ባደረጉት ጥናት፣ ቤት የደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅና ከዚያ በላይ ትምህርት የመቀጠል ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝተዋል። ሁለቱ ቡድኖች በምዝገባው ጊዜ የሚለያያቸው ዕጣ ብቻ ስለነበረ ልዩነቱን ለወላጆች ትጋት ወይም ለልጆች ተሰጥኦ መስጠት አይቻልም።

ይህ ግኝት በጀሞ ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በአንድ ደረጃ ወጥተው ወርደው የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ይታሰቡ፦ አንደኛው ዕጣ የደረሰው፣ ሁለተኛው ከሌላ ዕድለኛ የተከራየ። የመጀመሪያው የባንክ ዕዳውን ይከፍላል፤ ቤቱ ግን የራሱ ነው። ሁለተኛው አከራዩ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሰፈር ሊለውጥ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ሊቀይር ይችላል። ለኪራይ የማይወጣው ብር የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የማጠናከሪያ ትምህርት ይሆናል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ፈተናው ለሁለቱም እኩል ነው፤ ዝግጅቱ ግን እኩል አልነበረም። (ዕጣ የደረሰው ሁሉ ጀሞ ይኖራል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ቤቱን አከራይቶ ርካሽ ሰፈር የሚኖርም አለ፤ ለእርሱ ልጅ የሚተርፈው ሰፈሩ ሳይሆን የኪራዩ ገቢ ነው። ተመራማሪ ሰፈርንና ሀብትን ሳይለይ ከተነሣ ውጤቱ ይደበላለቅበታል።)

ከዚህ ተነሥቶ ፈተናው ይቅር ማለት ግን ችኮላ ነው። የሚተካው ምንድን ነው? የትምህርት ቤት ውጤት ማለትም ትራንስክሪፕት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አይነጻጸርም፤ ክፍያ የሚሰበስብ ትምህርት ቤት ለተማሪው ነጥብ ለመለገስ ምክንያት አያጣም። በአሜሪካ የተደረገው ክርክር ለዚህ አስተማሪ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2020 እ.ኤ.አ. ኤስ.ኤ.ቲ.ን ከመግቢያ መሥፈርትነት ለማስወጣት ሲወስን፣ የራሱ መምህራን ያቋቋሙት ግብረ ኃይል በዚያው ዓመት ያቀረበው ሪፖርት የፈተናው ነጥብ የኮሌጅ ውጤትን በመተንበይ ረገድ ከሁለተኛ ደረጃ ውጤት እንደማያንስ ያመለከተ ነበር። ኤም.አይ.ቲ. በበኩሉ ለሁለት ዓመት ያህል ካቆመ በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. ፈተናውን መልሷል፤ ያቀረበው ምክንያትም ደኅና ትምህርት ቤት ያልገጠማቸው ብቁ ተማሪዎች የሚታዩበት ሌላ መስኮት መጥፋቱ ነው። በኢትዮጵያም ከመንገድ ዳር ሱቅ ነጋዴ ልጅ ላይ የባለሥልጣን ልጅ እንዳይቀድም የሚያደርገው የታረመ ወረቀት ነው። ክርክሩ መሆን ያለበት በፈተናው መኖር ላይ ሳይሆን፣ ነጥቡ ብቻውን ይወስን በሚለው ላይ ነው።

በደፉ ዙሪያ

ማንኛውም ፈተና የመለኪያ ስሕተት አለው። ለምሳሌ ያህል የፈተናው የአስተማማኝነት መጠን 0.90፣ የውጤቶቹ መደበኛ ልይይት 10 መቶኛ ነጥብ ነው ቢባል፣ በአንድ ተማሪ ውጤት ላይ ያለው መደበኛ ስሕተት ወደ 3.2 ነጥብ ይጠጋል። 0.90 ደግሞ መጥፎ የሚባል መጠን አይደለም። በዚህ ስሌት 48 ያገኘችና 52 ያገኘች ተማሪ በችሎታ ይለያያሉ ብሎ መማል አይቻልም። በወረፋው ዘመንም ይህ ችግር ነበር፤ አሁን ግን ደፉ ላይ የሚንጠለጠለው ነገር በዝቷል፤ የግል ተቋማትም በዚሁ መሥፈርት የሚገዙ በመሆናቸው፣ ቀድሞ በክፍያ ይገኝ የነበረው አማራጭ ጠብቧል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሪሚዲያል ትምህርት ለዚህ የተሰጠ ከፊል መልስ ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተሻሉት ተመርጠው ለወራት ይማራሉ፤ ዳግመኛ ምዘና ያለፉት ወደ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ፕሮግራሙ ለተማሪዎቹ ካለው ጥቅም ባሻገር ለተመራማሪ ያበረከተው ነገር እስካሁን ብዙም ትኩረት አላገኘም። የአንድ መግቢያ ፈተና የመተንበይ ኃይል ሲጠና ዋናው እንቅፋት የወደቁት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አለመኖራቸው ነው፤ የሚታዩት ያለፉት ብቻ ስለሆኑ በነጥብና በኋላ ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ሪሚዲያል ከደፉ በታች የነበሩትን ወደ ግቢ አስገብቷል።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። በመጀመሪያው ዙር ከ150,184 ተፈታኞች 61,054 አልፈዋል። ከመንግሥት ተቋማት 62.4 በመቶ፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶ መሆኑ ብዙ ተብሎበታል። አብዛኛው ወቀሳ ያረፈው በግል ተቋማት ማስተማር ላይ ነው። ነገር ግን እነዚህ ተማሪዎች የገቡት በወረፋው ሥርዓት ነበር፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከላይ ያሉትን ከወሰዱ በኋላ የግሎቹ የተቀበሉት በአመዛኙ የቀሩትን ነው። የመግቢያ ነጥባቸው ሳይታወቅ የ45 ነጥቡ ልዩነት ምን ያህሉ የማስተማር፣ ምን ያህሉ የመግቢያ እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት የሚቻልበት ጊዜ ደርሷል። የመርሐ ግብሩ ጊዜ ካልተዛነፈ፣ በቋሚው ደፍ የገቡት የመጀመሪያ ተማሪዎች ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ መውጫ ፈተና ይደርሳሉ፤ የሪሚዲያሎቹም ይከተላሉ። የሚያስፈልገው በ47ና በ53 መካከል የነበሩትን ለይቶ፣ በቀጥታ የገቡትንና በሪሚዲያል የገቡትን በአንደኛ ዓመት አማካይ ውጤትና በመውጫ ፈተና ማነጻጸር ነው። የሪሚዲያል ተማሪዎች ሁለተኛ ወንፊት ያለፉ መሆናቸው በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከወንፊቱ ያላለፉትም ከመዝገቡ መውጣት የለባቸውም። በደፉ ግራና ቀኝ ያሉት ተቀራራቢ ሆነው ከተገኙ 50 በመቶ የብቃት ድንበር ነው የሚለው አባባል ይላላል። ሰፊ ልዩነት ከተገኘ ደግሞ ደፉን የሚተቹ ሁሉ ሊመልሱት የሚገባ ማስረጃ ይሆናል።

መረጃው በሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ይገኛል፦ የ12ኛ ክፍል ነጥብ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት በትምህርት ሚኒስቴር፣ አማካይ ውጤቱ በየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር። የዕጣ መዝገቡ አራተኛ ሆኖ ቢታከል የጀሞው ጥያቄ ራሱ መልስ ሊያገኝ ይችላል። የተማሪው ስም በኮድ ተተክቶ፣ ማገናኘቱ መዝገቡን በያዙት ተቋማት ውስጥ ቢከናወን፣ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ የማይበዛ ሥራ ነው።